የጎርፎ ሽኝት

ተረት ላምጣላችሁ? «አምጪልን» በሉኝ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬም እንስሳም አንደበት በነበረው ዘመን፣ ጎርፎ በሚባል ሸለቆ ውስጥ አንዲት እመት ጃርት ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። በሸለቆው ያለው ምንጭ አንድ ብቻ ነው። ያንን ምንጭ ደግሞ አንድ ማኅበር ይዞታል።

የማኅበሩ የበላይ አያ ጅቦ ነው። ግን «ጅብ» ብሎ የሚጠራው የለም፤ ማዕረጉ «ራስ» ነው። ከራስ በታች ምክር አዋቂው ቀበሮ አለ፤ ማዕረጉ «ጆሮ» ነው። ከጆሮ በታች ተኩላ አለ፤ እሱን «ጥርስ» ይሉታል። ከሁሉ በታች እነሸለምጥማጥ አሉ፤ ሲልኳቸው የሚሮጡ፣ ያዙ ሲሏቸው የሚይዙ፤ እነሱ «ጥፍር» ናቸው። ጥፍር ጥርስ መሆን ያምረዋል፣ ጥርስ ጆሮ መሆን ያምረዋል፤ ራስን ሲያዩ ግን ሁሉም መሬት ይልሳሉ።

እነዚህ ጉዶች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ውሃ ልጠጣ ብሎ ከመጣ እንስሳ የሚነጥቁትን ምግብ «ምስጋና» ይሉታል። ምስጋና ያጎደለውን ቀጥቅጠው ሲያበቁ «መከርነው» ይላሉ። ጭራሽ እምቢ ያለውን ደግሞ «ሸኘነው» ይላሉ። «ወዴት ሸኛችሁት?» ሲባሉ፣ «ወደ ቆላ ነዋ! ሣሩ ከማያልቅበት፣ ውሃው ከማይደርቅበት!» ይላሉ።

የእመት ጃርት ባል ነገር በሆዱ የማያድርለት ነበር። አንድ ቀን ተኩላው ምስጋና ሊቀበል ሲመጣ፣

«ምንጩን ያፈለቅከው አንተ ነህ?» አለው።

ተኩላው ጥርሱን አሳየው።

«ዝናቡን ያዘነብከው አንተ ነህ?»

ተኩላው አንድ እርምጃ ቀረበው።

«ታዲያ ምን አድርገህልኝ ነው የማመሰግንህ?»

ተኩላው ዞሮ ሄደ። በማግስቱ ጃርቱ ውሃ ሊጠጣ ወረደ፤ በዚያው ቀረ።

እመት ጃርት ጠበቀች፣ ጠበቀች። ሲጨንቃት ወደ ቀበሮው ሄደች።

«አያ ጆሮ፣ ባሌን አይተኸዋል?»

«ተሸኘ እኮ!» አላት ፈገግ ብሎ። «ቆላ ወርዷል። ደህና ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል።»

«ለእኔ ሳይነግረኝ?»

«ቸኩሎ ነው።»

እመት ጃርት ተናደደች። የተናደደችው ግን በባሏ ነው። «ቸኩሎ! ያን ሁሉ ዘመን አብረን ቆፍረን፣ አብረን በልተን፣ ደህና ሁኚ ለማለት ነው የቸኮለው?» እያለች ጎጆዋን ስትዞር ዋለች። ቢሆንም ባል ነውና አንጀቷ አልቆረጠም። ቀበሮው «ስንቅ ላኪለት» ሲላት እሺ አለች። ምድሩን ቆፍራ፣ ጣፋጭ ጣፋጩን ሥር መርጣ ትልክለት ጀመር።

በመጀመሪያው ስንቅ ቀበሮው ተመልሶ፣ «ሰላም ብሎሻል» አላት።

በሁለተኛው፣ «ሥሩ ጣፍጦታል፤ ጨምሪልኝ ብሏል» አላት።

በሦስተኛው፣ «ብታዪው አታውቂውም፤ ወፍሯል» አላት።

እሱ ወፈረ ሲሏት እሷ ከሳች። መዳፏ ተላጠ። በመጨረሻ፣ «ሄጄ ዓይኑን ልየው፤ ልስደበውና ልመለስ» ብላ ተነሳች።

ተኩላውን፣ «የቆላው መንገድ በየት ነው?» አለችው። «የማኅበሩ ላልሆነ አይነገርም» አላት።

ቀበሮውን ጠየቀችው። «ምን አስቸኮለሽ? ስንቅሽን ላኪ እንጂ» አላት።

ጅቡ ፊት ቀረበችና ጠየቀችው። ጅቡ እሾኋን ከላይ እስከ ታች አየና ሳቀ። «እንዲህ ያለ እሾህ ለእኛ ነው የሚያስፈልገው። ጥፍር ሁኚ፤ ያን ጊዜ መንገዱን ታውቂዋለሽ።»

እመት ጃርት «ያየሁትን አላየሁም፣ የሰማሁትን አልሰማሁም» ብላ ምላ ጥፍር ሆነች። በነጋታው ሸለምጥማጡ መጣና፣ «ነይ፣ ዛሬ ሽኝት አለ» አላት። ደስ አላት። ዛሬ መንገዱን አያለሁ ብላ ከኋላው ተከተለችው።

የሚሸኙት የእመት ሚዳቋን ልጅ ነበር። ልጅቷ ምስጋና ሳትይዝ ውሃ ልትጠጣ መጥታ ነው። ቀበሮው በጣፋጭ አንደበት እያወራት ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ ወዳለው ገደል ወሰዳት። እመት ጃርት መንገድ ስትፈልግ መንገድ የለም። ቆላ ስትፈልግ ቆላ የለም። ተኩላው ዘለለ፤ የልጅቷን ጉሮሮ ያዘ፤ አለቀ።

ሸለምጥማጡ ከንፈሩን እየላሰ፣ «በቃ፣ ተሸኘች» አለ።

እመት ጃርት አንገቷን አቀርቅራ ወደ ገደሉ ሥር አየች። እዚያ አጥንት ተከምሯል። በአጥንቱ መሃል ጥቁርና ነጭ የሆነ የባሏ እሾህ ተበትኗል። በእሾሁ ላይ ደግሞ የላከችው ሥር ሁሉ እንዳለ ተጥሎ በስብሷል። ሥጋ በል ሥር ምን ያደርግለታል? ሲያስቆፍሯት የከረሙት ለመብላት አልነበረም። ስለቻሉ ብቻ ነው!

አላለቀሰችም። እንባው በንዴት ደርቆ ቀረ። እሾኋ ከግንባሯ እስከ ጭራዋ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ እንስሳቱ ሁሉ ምስጋና ይዘው ምንጩ ዘንድ ተሰልፈው ሳለ፣ መሃላቸው ገብታ ቆመች።

«ባሌን ገደላችሁት» አለች።

ቀበሮው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ሴትዮ፣ አነጋገርሽን አስተካክዪ። ሸኘነው ነው የሚባለው» አላት።

«ገደላችሁት!»

«ኧረ በወግ ተናገሪ፤ ራስ ፊት ነሽ!» አለ ተኩላው።

«ራስ የሚባል የለም፣ ጅብ ነው! አንተም ጥርስ አይደለህም፣ ተኩላ ነህ! አንቃችሁ ገደላችሁት፤ በላችሁት፤ አጥንቱ ከድንጋዩ ጀርባ ነው!»

እመት ሚዳቋ ከሰልፉ ወጣች። «ልጄስ? ትናንት ተሸኘች ብለውኝ ስንቅ ይዤ መጥቻለሁ።»

እመት ጃርት ዓይኗን አላሸሸችም። «ገድለዋታል። እኔም ቆሜ አየሁ። ድምፄን እንኳ አላሰማሁም።»

እመት ሚዳቋ በሸሆናዋ ግንባሯ ላይ መታቻት። እመት ጃርት እሾኋን አጥፋ ተመታች። ሚዳቋዋ ሁለተኛ አልመታቻትም፤ ወደ ጅቡ ዞረችና ሸለቆው እስኪያስተጋባ ጮኸች። «ልጄን ገደላችኋት!»

ከኋላ ግዙፉ አያ ጎሽ ራሱን ቀና አደረገ። «ወንድሜም ተሸኘ ብለውኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቃሉን እንደ መራራ ቅጠል አኘከውና ተፋው። «ተገደለ።»

«አባቴም ተገደለ!» አለች ጦጣ ከዛፍ ላይ። «እህቴም ተገደለች!» አለ ከርከሮ።

ተኩላው እመት ጃርት ላይ ዘለለ፤ አፉ በእሾህ ተሞልቶ እያላዘነ ሮጠ። ጎሹ ቀንዱን ሲያወርድ ጅቡ ጭራውን በእግሩ መሃል ቆልፎ ፈረጠጠ። ቀበሮው ብቻ ቀረና፣ «ወገኖቼ፣ ቃሉ ካልተስማማችሁ ሌላ ቃል እንፈልጋለን!» አለ። ነገሩን ሳይጨርስ በሸሆናና በቀንድ ከሸለቆው አስወጡት። ሸለምጥማጡ «እኔ የታዘዝኩትን ነው ያደረግሁት» እያለ አለቀሰ። ማንም አልሰማውም፤ እሱንም አባረሩት።

ከዚያ ወደ ገደሉ ወረዱ። እመት ጃርት የባሏን እሾህ አንድ በአንድ ለቀመች። «ቸኩሎ ሄደ ብዬ ስሰድብህ ከረምኩ» አለችው፤ እዚህ ላይ እንባዋ መጣ። ጉድጓዱን ብቻዋን ስትቆፍር እመት ሚዳቋ መጣችና ከጎኗ ሆና ትቆፍር ጀመር።

እናንተም ልጆች፣ ግፈኛ ለክፉ ሥራው ያማረ ስም ሲያወጣለት፣ ያንን ስም ከአፉ ተቀብላችሁ አታስተጋቡ። መግደልን መግደል፣ መዝረፍን መዝረፍ በሉት።

ተረቱን እኔ ጨረስኩ፤ ንዴቱን ግን እናንተ ይዛችሁ ሂዱ።