በደረቁ የተፈተገ መኪና

አንድ ሰው ነበረ፤ የአዳማ ነዋሪ። ስሙን አልነግራችሁም። «ታሪኬን ተናገር፣ ስሜን ግን እንዳትጠራ» ብሎኛል። አንገታችሁን አታዙሩ፤ ዛሬ እዚህ የለም።

ይህ ሰው ረድኤት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች ብቻውን ነው ያሳደጋት። ረድኤት ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ በሁለተኛው ዓመት ግን ትምህርቱን አቋረጠች። ለአባቷ አልነገረችውም። ስድስት ወር ሙሉ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲላት «ደህና ነው አባዬ» ትለው ነበር። በመጨረሻ ከሌላ ሰው ሰማ።

እንግዲህ ዋሽታለች። ውሸት ጥሩ ነው? አይደለም። አባት መቆጣቱ ጥፋት ነው? እሱም አይደለም። ግን እንዴት ተቆጣ? በፋሲካ ዕለት፣ ቤቱ በእንግዳና በጎረቤት ሞልቶ፣ ልጅቷ ሳህን ይዛ ቆማ፣ «አንቺ ውሸታም! ከዛሬ ጀምሮ አባት የለሽም!» አላት። ረድኤት ሻንጣዋን ይዛ ሞጆ፣ አክስቷ ቤት ሄደች። ስምንት ወር አልተነጋገሩም። ስምንት ወር ሙሉ ሰውየው ራቱን ብቻውን በላ።

አንድ ቀን የሞጆዋ እህቱ ደወለችለት። «ልጅቷን ናፍቀሃታል፤ አንተም ያው ነህ። እሁድ ና፣ ራስህ ውሰዳት። ሰው እንዳትልክ!»

ሰውየው ደስታውን አልቻለውም። ታዲያ ምን አደረገ? ንግግር አዘጋጀ! በወረቀት ጻፈ። «አንደኛ፣ ከእንግዲህ አትዋሺኝም። ሁለተኛ፣ ካለ እኔ ፈቃድ…» ትስቃላችሁ? እናቶች ናችሁ የሳቃችሁት፤ አባቶች ዝም ብለዋል።

ደግሞ «ልጄ በቆሸሸ መኪና አትሳፈርም» ብሎ ቅዳሜ ጠዋት መኪናውን ላቫጆ ወሰደው። የላቫጆው ባለቤት ጠጅቱ የምትባል ጠንካራ ሴት ናት። አጥባ አደረቀችውና መኪናው አበራ። ሰውየው ሊሄድ ሲል፣ «ጋሼ፣ እስኪ እጅዎን በዚህ ፌስታል ውስጥ ያስገቡና ኮፈኑን ይዳብሱት» አለችው።

ዳበሰው። አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ሻከረው።

«ታጥቦ የለም እንዴ?»

«ታጥቧል። ይሄ እጥበት የማያወጣው ነው፤ የአስፋልት ሬንጅ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የብረት ብናኝ፣ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ የቀረ። ዓይን አያየውም። በጭቃ ነው የሚወጣው።»

መኪና በጭቃ ሲጸዳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ስለ መኪና የማውቀው በር ከፍቶ መቀመጥ ብቻ ነው። ለካስ እንደ ሊጥ የሚታሽ፣ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ ጭቃ አለ። መዳፍ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ ሲያንሸራትቱት የተጣበቀውን ሁሉ ለቅሞ ያነሣል።

ጠጅቱ ጭቃውን አሽታ አስቀመጠችና «ቆይ፣ የሳሙና ውሃ ላምጣ» ብላ ገባች። ሰውየው የት ይታገሣል! ጭቃውን አነሣ፤ በፀሐይ የጋለውን ኮፈን በደረቁ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይፈትገው ጀመር።

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በደረቁ አይሆንም!» ጠጅቱ ባልዲዋን ይዛ ሮጠች። ምን ዋጋ አለው? ኮፈኑ ተጫጭሯል።

«ቆሻሻ አለው አላልሽም? ቆሻሻውን ነው ያወጣሁት!» ብሎ ጮኸባት።

«ቆሻሻማ አለው። ውሃው ካልቀደመ ግን ጭቃው ቀለሙንም ይጎዳዋል።»

ሰውየው እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እንደ ሕፃን አለቀስኩ» ብሎኛል። «ረድኤት ነች ፊቴ ላይ ድቅን ያለችብኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ሳህን ይዛ። እርግጥ ዋሽታኛለች። ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።»

እሁድ ወረቀቱን ቤት ትቶ ሞጆ ሄደ። ረድኤት ከግቢው ወጥታ ራቅ ብላ ቆመች። «ደህና ነህ?» አለችው። አባዬ አላለችውም።

«ልጄ» አላት፣ «ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩሽ ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ። እስኪ ንገሪኝ፤ ለምን ፈራሽኝ?»

መንገድ ላይ ነገረችው። ሁለት ፈተና የወደቀች ቀን ልትነግረው ደውላ ነበር። እሱ ግን ቀድሟት «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ» አላት። «እንደዚያ ደስ ብሎህ ሰምቼህ አላውቅም፤ ደስታህን ላፈርስብህ አልቻልኩም» አለችው። ከሞጆ አዳማ ስንት ነው? ሰውየው ግን እሷ ተናግራ እስክትጨርስ በዝግታ ነዳ። ከኋላው ያሉ የጭነት መኪኖች ክላክስ እያስጮሁ አለፉት።

ስትጨርስ፣ «ውሸቱ ግን ጎድቶኛል ረድኤት። ሁለተኛ እንዳይደገም» አላት።

«አውቃለሁ አባዬ። አይደገምም።»

ሰማችሁ? ጥፋቷን አላለፈውም! ውሸትን ውሸት ነው አላት። ያን ጊዜ ከቤት ያስወጣት እውነት አሁን ከአባቷ ጋር ወደ ቤቷ መለሳት። እውነቱ ያው ነው፤ አነጋገሩ ነው የተለወጠው።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ባላችሁን፣ ሚስታችሁን፣ ልጃችሁን አስለቅሳችሁ «ምን አጠፋሁ? እውነቱን ነው የተናገርኩት» የምትሉ የላችሁም? እውነት ነው፤ ማን ውሸት ነው አለ? ጥፋት አይታችኋል፤ ግን ምሕረቱ የታለ? እግዚአብሔር እናንተን እንደዚያ ነው የያዛችሁ? እኔን እንደዚያ ቢይዘኝ ኖሮ ዛሬ እዚህ የምቆም ይመስላችኋል? በደሌን ሁሉ ያውቃል፤ አንድም አልተሰወረውም። ግን ይቅርታው ሳይቀድም እጁን አላሳረፈብኝም። ፍቅሩ ነው እስከ ዛሬ ያቆየኝ።

ስብከቱን እዚህ ላይ አቆማለሁ። ሁልጊዜ ስልካችሁን ዝጉ እያልኩ የምቆጣችሁ እኔው ነኝ። ዛሬ አውጡት፤ አዎ፣ እዚሁ። በክፉ ቃል ያራቃችሁትን ሰው ታውቁታላችሁ። ደውሉለት። ምክር አትጀምሩ። «ናፍቀኸኛል፤ ያን ቀን አጥፍቻለሁ» በሉት። ካላነሣ ነገም ደውሉ። በሉ ተነሡ፤ እኔም ሦስት ዓመት ያልደወልኩለት ታናሽ ወንድም አለኝ።