የቀርሜ ሬዲዮ ለማን ይሰጥ?

በአንድ ወቅት፣ ቀርሜ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ ሦስት ሰዎች አንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነበረቻቸው። ይርዳው ኃላፊው፣ አስናቁ አቅራቢዋ፣ ደምመላሽ ቴክኒሻኑ ነበሩ። የጠፋ በሬም ሆነ የሞተ ሰው የሚነገረው በእነሱ ነው። ወንዙ ሲሞላ የላይኛው ቀበሌ ይደውላል፤ ጣቢያዋ ትናገራለች፤ ታች ያለው ሰው ልጁንና ከብቱን ይዞ ይሸሻል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ሰው በተቅማጥና በትውከት ይረግፍ ጀመር። የጤና ጣቢያው ነርስ አስናቁን ጠጋ ብሎ «ኮሌራ ነው፤ ከአቦ ምንጭ ነው» አላት። በማግስቱ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ይርዳው ዘንድ ደወለ።

«የሚመለከተው አካል መግለጫ እስኪሰጥ ስለ በሽታው ትንፍሽ ብትሉ ፈቃዳችሁ ይሰረዛል።»

«በደብዳቤ ይድረሰን» አለ ይርዳው።

«ስልኩ አይበቃህም?»

ይርዳው «ከተዘጋን ነገ ማን ይናገራል?» ብሎ ታዘዘ። የበሽታውን ስም ሳይጠራ፣ በየዘፈኑ መሀል «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» አስባለ። በየዓመቱ የሚሰማ ምክር ስለሆነ ማንም ጆሮ አልሰጠውም። በአንድ ሳምንት ዘጠኝ ሰው ተቀበረ። ዘጠነኛዋ የአስናቁ እናት ነበሩ።

አስናቁ በእናቷ ሰልስት ማግስት ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች። የተሰጣትን ጽሑፍ ገለበጠችና «ወገኖቼ፣ ኮሌራ ነው። የአቦ ምንጭን ውሃ እንዳትቀምሱ። እስከ ዛሬ ያልነገርናችሁ ተከልክለን ነው» አለች። ይርዳው ከመስታወቱ ማዶ «ቁረጠው!» ብሎ ጮኸ፤ ደምመላሽ ግን እጁን አላነሣም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ምንጩ ዳር እንስራ አልታየም። በሁለት ሳምንት ቀብር ቆመ።

ጣቢያዋን ሊያሽጉ፣ አስናቁንም «ሕዝብ አሸብራለች» ብለው ሊያስሩ ፖሊሶች መጡ። የደምመላሽ ኮምፒውተር የሥርጭቱንም የስልኩንም ድምፅ ይቀዳ ነበር። በሩ እየተንኳኳ አስናቁን የሚያስቀጣውን ብቻ መርጦ ማጥፊያ ጊዜ ስላልነበረው፣ ደምመላሽ ሁሉንም አጠፋው። «ሰምቻለሁ» ብሎ የሚመሰክርም የቀርሜ ሰው ጠፋና አስናቁ በሦስተኛው ሳምንት ተፈታች። ይርዳው ጣቢያዋን ለማስከፈት ይግባኝ ሲል ግን «ዝም በሉ ያላችሁ ማን ነው? ማስረጃ አምጣ» አሉት። ማስረጃው የስልኩ ቅጂ ነበር፤ እሱም ከሌላው ጋር ጠፍቷል።

ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ። የላይኛው ቀበሌ እንደ ልማዱ ደወለ፤ ስልኩ በታሸገው ቤት ውስጥ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ከታች ሰፈር አሥራ አራት ሰው ውሃ ወሰደ፤ የደምመላሽ እህትም ከነልጇ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ጣቢያዋ በአንድ ሰው ኃላፊነት እንድትከፈት ተፈቀደ። ሽማግሌዎች ለማን እንደምትሰጥ ሊወስኑ ሦስቱን ሰበሰቡ።

«እኔን ብትሰሙኝ ኖሮ ጎርፉ ሲመጣ ሬዲዮ ነበረን» አለ ይርዳው።

«አንተን ብንሰማ ኖሮ ጎርፉ የሚወስደው ሰውስ ከኮሌራው መች ይተርፍ ነበር?» አለችው አስናቁ።

ደምመላሽም ተናገረ። «እሷን አስፈታሁ፣ እህቴን ቀበርኩ። ዛሬም ቢሆን ቅጂውን አጠፋዋለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አባ ውዴ፣ «ልጄን ያተረፈችልኝ የአስናቁ ቃል ናት፤ ባለቤቴን የወሰደብኝ የጣቢያዋ መዘጋት ነው። እኔ መፍረድ አልችልም» ብለው ተነሥተው ሄዱ። የቀሩትም እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ከሦስቱ ጣቢያዋ የምትገባው ለማን ነው?