ጃርት በዳኛ ከርከሮ ችሎት

ተረት የሚወድ ጠጋ ይበል፣ የማይወድ ጆሮውን ይድፈን!

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት፣ እንደ ሰውም በሚሰራረቁበት ዘመን፣ እሜቴ ጃርት የምትባል ባልቴት ነበረች። ከሰው ማሳ የቆፈረችውን ድንች እየሸጠች ባጠራቀመችው ገንዘብ ሁሉ ክሪፕቶ ገዛች። ክሪፕቶ በእጅ የማይጨበጥ፣ በስልክ ብቻ የሚላክ ገንዘብ ነው። ስልኳም እንዲህ አላት፦

«እሜቴ፣ እኔ ዘመድ አላውቅም፣ መልክም አላይም። የገንዘብዎን መክፈቻ ምስጢራዊ ቃል የነገረኝ ሁሉ ለእኔ ባለቤት ነው።»

«እንግዲያው ከእኔና ከአንተ በቀር ማንም አይሰማውም!» አለች።

ይህን ወሬ ጉሬዛ ሰማ። ጥቁርና ነጭ ካባውን አራግፎ በሯን አንኳኳ።

«እሜቴ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተልኬ ነው። ሂሳብዎ ሊዘጋ ነውና ቃሉን ይንገሩኝ።»

«ይዘጋ! እኔም በሬን ልዘጋ ነው» አለችና ዘጋችበት።

በማግስቱ ተመለሰ። «እሜቴ፣ ዕጣ ወጣልዎ! ቃሉን ይንገሩኝና ገንዘብዎ እጥፍ ይሁን።»

«እጥፉን ለእናትህ ስጣት» አለችና ዘጋችበት።

በሦስተኛው ቀን እያለከለከ መጣ። «እሜቴ፣ ሌባ መጥቷል! ቃሉን ይንገሩኝና እኔ ልጠብቅልዎ።»

«ሌባውንማ እያየሁት ነው» አለችና እሾኋን አቆመች።

ጉሬዛ ቃሉን ቢያጣ ስልኩን መንጭቆ ሮጠ፤ ሮጦም ዳኛ ከርከሮ ዘንድ ደረሰ። «ጌታዬ፣ ስልኩ በእጄ ነው፣ ስለዚህ ገንዘቡ የእኔ ነው!» አለ። እሜቴ ጃርትም ኡኡ እያለች ደረሰች።

«ባለቤት ነኝ የሚል ቃሉን በችሎት ፊት ይናገር» አለ ዳኛው። ችሎቱ በሙሉ ጆሮውን አቆመ፤ የጉሬዛ ጆሮ ደግሞ ከሁሉም በለጠ።

እሜቴ ጃርት ወደ ዳኛው ጠጋ አለች። «ጌታዬ፣ እዚህ ከተናገርኩትማ የሁላችሁም ሆነ ማለት አይደል? ይልቅ ከገንዘቡ ቅንጣት ታህል ለእርስዎ መላክ የቻለ እርሱ ባለቤት ይባል።»

ዳኛ ከርከሮ ይህን ሲሰማ ጅራቱ ቀጥ አለ። «ግሩም ሐሳብ ነው! ጉሬዛ፣ አንተ ጀምር።»

«ሙዝ» አለ ጉሬዛ ለስልኩ።

«አይደለም።»

«ቅጠል።»

«አይደለም።»

«በናትህ!»

«እሱም አይደለም።»

እሜቴ ጃርት ተራዋ ሲደርስ እሾኋን እንደ መጋረጃ ዘርግታ በስልኩ ጆሮ አንሾካሾከች። «ተልኳል!» አለ ስልኳ። «ገብቷል!» አለ የዳኛው ስልክ።

ጉሬዛ በጥፊ ተባረረ። እሜቴ ጃርት ስልኳን ይዛ ልትወጣ ስትል ዳኛው ጠራት።

«ይቆዩማ እሜቴ፣ የግራ ዓይኔ በደንብ አላየም። እስኪ ይድገሙት።»

ደገመችው። «ገብቷል!»

«አሁን ደግሞ የቀኙ ተጠራጠረ።»

ላከች። «ገብቷል!»

ዳኛው አሁንም አፉን ሲከፍት እሜቴ ጃርት በሩ ላይ ደርሳ ነበር። «ይበቃል ጌታዬ! የቀረውን ማስረጃ ለይግባኝ ሰሚው ልያዝለት!» ብላ ጫካውን ጥሳ ጠፋች።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። እናንተም ከሌባ ቃሉን፣ ከዳኛ የገንዘቡን ብዛት ደብቁ።