አብረው የታሰሩት ገመዶች

ኤሌክትሪክ የምትፈራ አንዲት ሴት ነበረች። ሶኬት ሁሉ መነቀሉን ሳታይ በሯን አትቆልፍም፤ ቆልፋም ከመንገድ ትመለሳለች።

ባሏ አቶ ኤርጊቾ ዘማሪ ነው። መዝሙሮቹ በወረቀት አልሰፈሩም፤ ሁሉም በጭንቅላቱ ናቸው። ጉሮሮው ታመመና ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጠው። ሐኪሙ ድምፁ ላይመለስ እንደሚችል ሳይደብቅ ነገራቸው። ልጃቸው ሊዲያ አባቷን ልትቀዳ ማይክ፣ ኮምፒውተርና ሁለት የስቱዲዮ ስፒከሮች ተውሳ መጣች። ሳሎን ውስጥ ገጣጥማ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እናት ወለሉ ላይ የተዘረጉትን ገመዶች አየች። ሰው ቢጠልፉስ? በሽተኛው ቢወድቅስ? ከኮምፒውተሩ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ ከመብራቱ ገመድ ጋር ጠቅልላ፣ በአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ አጥብቃ አሰረችና ከሶፋው ጀርባ ሸጎጠችው።

አመሻሹ ላይ ሊዲያ ተመልሳ ስፒከሮቹን ስታበራቸው እንደ ወፍጮ ቤት አጉረመረሙ።

«ከእኔ ቀድመው ጀመሩ» አለ አቶ ኤርጊቾ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ቤቱ ሊቃጠል ነው ብላ ሶኬቱን ነቀለችው።

«እማዬ፣ ጩኸቱ ስፒከሩ ላይ ነው እንጂ የሚቀዳው ውስጥ አይገባም። ስፒከሩን አጥፍቼ ልቅዳው» ብላ ሊዲያ ለመነቻት።

«ባለሙያ ሳያየው አንድም ነገር አይሰካም።»

ባልየው ክርክር አይወድም። «እሺ፣ ስመለስ እዘምራለሁ» አለ።

ባለሙያው ዛሬ ነገ ሲል የሆስፒታሉ ቀጠሮ ደረሰ። አቶ ኤርጊቾ ከሆስፒታል ተመለሰ፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም።

ሊዲያ ዕቃውን ልትሰበስብ ሶፋውን ስትስብ እስሩን አገኘችው። ፈታችው፤ ቀጭኑን ገመድ ከመብራቱ ገመድ አራቀችና ስፒከሮቹን አበራች። ጩኸቱ የለም። ለካ እንዲህ ዓይነቱ ገመድ አጠገቡ ያለውን የመብራት ገመድ ጉርምርምታ ይስባል።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች እናት። «እንዳይወድቅ ብዬ።»

አቶ ኤርጊቾ ሶፋው ላይ ተቀምጦ በጣቱ ጉልበቱን ይመታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መዝሙር ነው። የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ክፉ ነበረች? አልነበረችም። ወደደች፤ ወዳ ፈራች፤ ፈርታ አሰረች። የፈራችው እሳት አልመጣም። ሐኪሙ በግልጽ የነገራት ግን መጣ።

እናንተስ ቤት የሚያጉረመርም ነገር የለም? ኩርፊያው ሲበርድ እናወራለን፣ ኑሮው ሲረጋጋ እንጠይቃታለን፣ ቤቱ ጸጥ ሲል እንሰማዋለን ያላችሁት ሰው የለም? ጉርምርምታውንስ ያመጣው ማን እንደሆነ ከሶፋው ጀርባ አይታችኋል?

ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ ጩኸቱ እስኪቆም አትጠብቁ። በጩኸቱ መሐል አጠገባቸው ተቀመጡና «እየሰማሁ ነው» በሏቸው።

ጸጥታውማ ይመጣል። የዚያች ሴት ሳሎን ዛሬ ጸጥ ያለ ነው።