ከምንጩ አፍ የተገኘው ጆንያ

አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነበረች፤ ትርንጎ ትባላለች። ቤቷ ኮረብታ ላይ በተቆረቆረ ከተማ ውስጥ ነው፤ ንጽሕናዋንም አገር ያውቀዋል። ግቢዋ በቀን ሁለቴ ይጠረጋል። ደጃፏ ላይ የደረሰ እንግዳ ሳይወድ በግዱ ጫማውን ያያል።

ከዚያ ቤት የሚወጣው ቆሻሻ ግን ለጉድ ነበር። እንጀራ አንድ ቀን ካደረ አይበላም። ድንች ሲላጥ እኩሌታው ከልጣጩ ጋር ይሄዳል። ከገበያ በመጣች ቁጥር አንድ እቅፍ ፌስታል ይዛ ትገባለች። «ከቤቴ ይውጣልኝ እንጂ» ትላለች። ሁሉም በጆንያ ይታሰርና ተሸካሚ ወስዶ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ገደል ይለቀዋል። ከገደሉ ሥር ምን እንዳለ ጠይቃ አታውቅም። እኛስ መቼ ጠይቀን እናውቃለን?

ትርንጎ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ስንዱ በቆላው መንደር የሚኖር አንድ አናጢ ወደደች። እናትየዋ ብዙ ካንገራገረች በኋላ ሽማግሌ እንዲልክ ፈቀደች፤ ቀንም ተቆረጠ። ለዚያ ቀን ስትል ቤቱን ሳምንት ሙሉ ስታጸዳ ሰነበተች። ያረጀው፣ የተረፈው፣ ለዓይን የማያምረው ሁሉ ተጠራርጎ ወጣ። ጆንያ ሲያልቅባት እህል ወደ ወፍጮ ቤት የምትልክበትን ጨመረችበት። በመካከሉ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ፤ እሷ ግን ልብ አላለችውም።

በቀጠሮው ቀን ከቆላው መንደር ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ «ተቀመጡ» ቢባሉ እሺ አላሉም፤ ጉዳዩ ሳይሰማለት ሽማግሌ አይቀመጥም። ተናጋሪው አባ ይመር ነበሩ። ልጅቷን ከመጠየቃቸው በፊት ከጋቢያቸው ሥር ታጥቦ የታጠፈ ጆንያ አወጡ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህ የእርስዎ ነው?»

ትርንጎ ወፍጮ ቤት ከሰው እህል ጋር እንዳይምታታባት በጆንያዋ ላይ ስሟን በቀይ ቀለም ትጽፍ ነበር። የጠፋ ዕቃ የተመለሰላት መስሏት ደስ አላት።

«አዎ፣ የኔ ነው። ስሜም አለበት። ከየት አገኙት አባቴ?»

«ከምንጫችን አፍ። ገደሉ የሚወርደው ወደኛ ነው። በቀደም የጣለው ዝናብ ብዙ ጆንያ ይዞብን መጣ፤ ምንጩ ተደፍኖ ሦስት ቀን ስንዝቅ ሰነበትን። የሚያሳዝነው ግማሹ መጣል ያልነበረበት ነው። ድርቆሽ የሚሆን እንጀራ አለ፣ ለጓሮ አፈር የሚሆን ልጣጭ አለ። ፌስታሉ ግን ለምንም አልሆነንም።»

ትርንጎ ፊቷ ጋለ። የከተማው ሰው ስሟን የሚያነሳው በንጽሕና ነበር፤ የቆላው ሰው ግን ከጭቃ ውስጥ አንብቦታል።

«ታዲያ ልጅሽ ትቅርብን ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?» አለች።

«ኧረ ልንለምንዎ ነው የመጣነው» አሉ አባ ይመር። «ብቻ ስንዱ ስታገባ ውሃ የምትቀዳው ከዚያው ምንጭ ነው። ልጅዎ የምትጠጣውን ሳያውቁ እሺ ቢሉን ደግሞ ደስ አይለንም።»

ትርንጎ ከወንበሯ ተነሣች። ቆሞ የሚለምነው ሽማግሌ ነው እንጂ የልጅቷ እናት አይደለችም፤ እሷ ግን እጇን አጣምራ ይቅርታ ለመነች። መሬት ብትውጣት በወደደች። ሽማግሌዎቹም የተቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሠርጉ ተደረገ። ትርንጎም ጠባይዋን ቀየረች። የሚበላውን ያህል ብቻ ታቀርባለች፣ ያደረውን ታደርቃለች፣ ልጣጩን ጓሮ ትቀብራለች፣ ገበያ የምትወጣው ዘንቢል ይዛ ነው። በሳምንት ብዙ ጆንያ ይወጣበት ከነበረው ቤት አሁን በወር አንድ ጆንያ ቢወጣ ነው። ያ የድሮው ፌስታል ግን እስካሁን አልበሰበሰም። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከምንጩ ዳር ብቅ ይላል። እናቷ ልትጠይቃት በምትመጣበት ቀን ስንዱ በማለዳ ወርዳ እየለቀመች ትሸሽገዋለች።

ቤት ንጹሕ የሚባለው ቆሻሻውን አርቆ በመጣሉ ሳይሆን የሚጣለውን በማሳነሱ ነው። የጣልነው ሁሉ አንድ ሰው ደጅ ላይ ያርፋል። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት ሁለት ጆንያ አስወጥቼ ነው፤ ወዴት እንደሄደ ግን አላውቅም፣ ማፈሬንም አልደብቅም። ከእናንተ ቤት የወጣውስ አሁን ማን ደጅ ላይ ይሆን?