የማይሳሳተው መለኪያ

የወተት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ጠናጋሻው አዲስ የሙቀት መለኪያ ሲገዙ ባለሙያ አላማከሩም። ካታሎግ ገላልጠው ቁጥሩ በአረንጓዴ የሚበራውን መረጡ። መለኪያው ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ ወተቱ እያረረ አስቸገረ።

ጥፋቱ ወተት በምታፈላው ሴትዮ ላይ ተላከከ። አቶ ጠናጋሻው ሠራተኛውን ሁሉ ወተት ማፍያው አጠገብ ሰብስበው ወረቀት ዘረጉላት፤ እስክሪብቶም ሰጧት። ከፈረመች መባረሯ ነው።

«ወተቱን ያሳረርኩት እኔ ነኝ ብለሽ ፈርሚ» አሏት።

«እንፋሎቱን የምዘጋው መለኪያው ሰባ ሁለት ሲል ነው። መጀመሪያ እሱን ራሱን በሌላ መለኪያ እናመሳክረው» አለች።

«እኔ የመረጥኩት መለኪያ አይሳሳትም!»

«እሺ ጌታዬ፣ እፈርማለሁ። ብቻ የመለኪያውን ጫፍ አንድ ጊዜ ብብትዎ ሥር ይያዙልኝ።»

ሰው ሁሉ እያየ እምቢ ማለት ከበዳቸውና ያዙት። ቁጥሩ ሃያ ስድስት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቢጠብቁትም አልነቃነቅ አለ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

«በሕይወት ያለ ሰው ሠላሳ ሰባት ነው» አለች። «መለኪያው ካልተሳሳተ የእኔ ፊርማ ይቆይና ለእድርዎ ሰው ይላክ፤ ድንኳኑ ሳይመሽ ይተከል።»