ዕለቱ የጠፋባት መነኵሲት

እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም በወንዝ ማዶ ለነበረች አንዲት መነኵሲት ያደረገችው ተአምር ይህ ነው፤ የምትሰሙ ሁሉ ልባችሁን አትንፈጉን፥ ልመናዋም ከእናንተና ከእኛ አይራቅ፤ አሜን።

በቆላ አገር በአንድ የሴቶች ገዳም እማሆይ ወለተ ኢያቄም የምትባል መነኵሲት ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ መጻሕፍትን ስትመረምር ስላደገች የአጽዋማትንና የበዓላትን ቀመር ከካህናቱ አብልጣ ታውቅ ነበር፤ ለእመቤታችንም ስእለት ነበራት፤ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተሰጠውን ምስጋና የሰኞውን ሰኞ የማክሰኞውን ማክሰኞ፥ አንዱን ከሌላው ሳትቀላቅል ልታደርስ ተሳለች፥ ይህንንም ሠላሳ ዓመት ጠበቀች። ነገር ግን አንደበቷ እሬት ነበር፤ የእኅቶቿን ስሕተት መታገሥ አልቻለችምና ምስጋና ከምትመራው ከእማሆይ ፍቅርተ ሥላሴ ጋር ተጣልታ በሰኔ መጨረሻ አንድ ስልቻ ሽምብራ ተሸክማ ወንዙን ተሻገረችና ማዶ ካለው ዋሻ ገባች። ከዋሻው በላይ ገደል፥ ከታችም ወንዝ ነበረ፤ ወንዙ ከሞላ እስከ መስከረም ድረስ ሰው አይደርስበትም፥ ከውኃውም ድምፅ የተነሣ የገዳሙ ደወል አይሰማበትም። እርሷ ግን በየማለዳው በግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ታሰምርና የዕለቱን ምስጋና ታደርስ ነበር፥ ማንንም አልናፈቀችም።

ከዚያም በሐምሌ ንዳድ ያዛትና ወደቀች፤ ራሷንም ሳተች። በነቃች ጊዜ አስቀድማ የዘፈዘፈችው ሽምብራ በቅሎ አገኘችው። ስንት ቀን እንደ ተኛች አላወቀችም። የቡቃያውን ርዝመት በጣቷ ለካችና «አራት ቀን ይሆናል» አለች፥ ደግማም ለካችና ሰባት መሰላት፤ ወደ ሰማይ ብትመለከት ጨረቃ የለችም፥ ደመናው እንደ ጉልላት ተደፍቶባታል። የአገሩን ሁሉ በዓል ስትቆጥር የኖረች ሴት ዛሬ ማን እንደ ሆነ አላወቀችም።

ፍርሃትም ገባባት። «ልስገድ ብል እሑድ ቢሆንስ? ልተው ብል ዓርብ ቢሆንስ? ፍልሰታ ገብቶ ቢሆንስ?» እያለች ስትነሣና ስትቀመጥ ዋለች። ምስጋናውን ለማድረስ አፏን ከፈተችና የየትኛውን ዕለት እንደምትል አጥታ ዘጋችው። ለእመቤታችን የተሳሳተ ነገር ከማቅረብ ዝም ማለት ይሻላል ብላ ቆረጠችና ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም አለች፥ በሦስተኛውም። በዘጠነኛው ቀን ዝምታው ከንዳዱ ይልቅ አስፈራት፤ ድምፅዋን ረስታ የነበረ መሰላትና የራሷን ስም ጠርታ ሞከረችው። «ሠላሳ ዓመት የሰማችኝ ቀኑን ስለማውቅ ነበር፤ አሁን በምን ታውቀኛለች? እንዲህ እንዳለሁ ብሞትስ?» እያለች ትጨነቅ ነበር።

ከዕለታትም በአንዱ ቀን፥ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ፥ ከዋሻው አፍ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ሰማች። አንዲት ባልቴት የእንጨት ሸክሟን አውርዳ ቆማለች።

«ዝናቡ እስኪያባራ አስጠጊኝ» አለቻት።

እማሆይ ወለተ ኢያቄም አንቱ ሳትባል መቅረቷ ከነከናት፤ ሆኖም እንግዳ ናትና አስቀመጠቻትና ሽምብራ አቀረበችላት። ባልቴቲቱም ቆረጠመችና፥

«ጨው የለውም» አለች።

«ጾም ይሆናል ብዬ ነው።»

«ይሆናል? መነኵሲት ሆነሽ ጾም ይሁን አይሁን አታውቂም?»

መነኵሲቲቱ ልትቆጣ ብላ አልሆነላትም፤ እንባዋ ቀደማት። «እናቴ፥ ታምሜ ቀኑ ጠፋብኝ። አንቺ ከሰው መካከል የመጣሽ፥ ስለ ማርያም ብለሽ ንገሪኝ፥ ዛሬ ማን ነው?»

«እኔን ትጠይቂያለሽ? ለእንጨት ለቃሚ ሁሉም ቀን እንጨት ነው። ይልቅ ከመጣሁ አይቀር ምስጋናዋን በይልኝ።»

«የየትኛውን ዕለት?»

«የምትወጂውን።»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ የምትወደው የትኛው እንደ ሆነ የጠየቃት አልነበረም፥ እርሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «የሐሙሱን፤ ቁጥቋጦው ነድዶ ሳይቃጠል የቀረበትን» አለች፤ ወዲያውም «ዛሬ ሐሙስ ባይሆንስ?» ብላ ደነገጠች።

«ባይሆንስ? ሐሙስ ካልሆነ በሯን ትዘጋለች አሉሽ? ልጅ እናቱን የሚጠራ ቀን ጠይቆ ነው?»

እማሆይ ወለተ ኢያቄምም ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ታመመ ሰው ነበረ፥ ኋላ ግን በረታና ዋሻውን ሞላው፥ እስከ ፍጻሜውም አደረሰችው። ዓይኗን በገለጠች ጊዜ ባልቴቲቱ የለችም። ወጥታ ብታይ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል፤ እንኳን ባልቴት ጎበዝም አይሻገረውም። መጽሐፍ ያወቀች ናትና «ሰይጣን የብርሃን መልአክ ይመስላል ተብሏል፤ ያለ ዕለቱ ያስባለኝ እርሱ ቢሆንስ?» እያለች በዚህ ደግሞ ተጨነቀች። ነገር ግን ዳግመኛ ዝም ማለት አልቻለችም፤ ፍርሃቷን ይዛ በየማለዳው የሐሙሱን ትል ነበር፤ እንዲህም ሆና ክረምቱን ፈጸመች።

መስከረምም በጠባ ጊዜ ወንዙ ጎደለና እማሆይ ፍቅርተ ሥላሴ ልብሷን ሰብስባ ተሻግራ መጣች። ወለተ ኢያቄም ሰላምታ ሳታስቀድም «ዛሬ ማን ነው?» አለቻት።

«ማክሰኞ። በሕይወት አለሽ ማለት ነው» አለች ፍቅርተ ሥላሴ፤ ትንፋሿንም ሰብስባ ተቀመጠችና ነገረቻት። «በፍልሰታ በአንዱ እሑድ፥ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ፥ ቤተ ክርስቲያን ቆመን የእሑዱን ልንጀምር ስንል ድምፅሽ ከዚያ ሁሉ ውኃ በላይ መጣ። ሐሙስ ትያለሽ። እኔም ‹ይህች ሴት ማዶ ሆና እንኳ አላስቀምጥ አለችን› ብዬ እኅቶችን ዝም አሰኝቼ የእሑዱን ልጀምር መቋሚያዬን አነሣሁ፥ ከአፌ ግን የሐሙሱ ወጣ። ሁላችንም አንቺን ተከትለን አደረስነው። ከዚያ ወዲህ ወንዙ እስኪጎድል በየማለዳው እንዲሁ ነበር።»

ወለተ ኢያቄምም ፊቷን ሸፈነችና «ተሳስቼ ነው፤ ቀኑ ጠፍቶብኝ ነው» አለች።

«እናውቃለን። እኛ እኮ ቀኑን እናውቅ ነበር።»

«ታዲያ ስለ ምን ተከተላችሁኝ?»

ፍቅርተ ሥላሴም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብቻሽን አልነበርሽማ። አንቺ ‹ለምኚልን› ባልሽ ቁጥር አንዲት ሴት ‹እሺ› ትልሽ ነበር። አንድም ጊዜ አላለፈችሽም። እኅቶች ሁሉ ሰምተዋል፤ ማናቸውም ዳግመኛ ያን ቃል ሳይሰሙ ማደር አልፈለጉም።»

እማሆይ ወለተ ኢያቄም ይህን በሰማች ጊዜ በምድር ላይ ተደፋችና ብዙ አለቀሰች፥ እግዚአብሔርንም አመሰገነች፤ እናቱንም ሐሙስ ሳይሆን በማክሰኞ ዕለት በሐሙሱ ምስጋና፥ ከጠላቻት እኅቷ ጋር በአንድ ቃል አመሰገነቻት። ከዚያም እጅ ለእጅ ተያይዘው ወንዙን ተሻገሩና ወደ ገዳማቸው ገቡ።

ይህን የሰማችሁ ምእመናን፥ ከአገራችሁ ርቃችሁ ዕለቱና ጸሎቱ የጠፋባችሁ፥ እንዳትሳሳቱ ፈርታችሁ ዝም ያላችሁ ሁሉ፥ የወለተ ኢያቄምን ልመና «እሺ» ብላ የተቀበለች እመ አምላክ የእናንተንም ትቀበል፤ ያነበበውን፥ የተረጐመውን፥ በደጅ ቆሞ ያዳመጠውንም በልጇ ፊት በስሙ ትጥራው፤ ለዘለዓለሙ አሜን።